ለሁለቱ የአሜሪካ ፓርቲዎች ብሔራዊ ኮሚቴዎች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ጉዳዩ፦ በድምፃችን ያጸደቅነውን ሕግ የባለጸጎችና የኩባንያዎች ገንዘብ እየሻረው ስለመሆኑና ፓርቲዎቹ በራሳቸው ሥልጣን ሊያርሙት ስለሚችሉት ነገር

የተከበራችሁ የዴሞክራቲክ ፓርቲ ብሔራዊ ኮሚቴ ሊቀ መንበርና አባላት፣

የተከበራችሁ የሪፐብሊካን ፓርቲ ብሔራዊ ኮሚቴ ሊቀ መንበርና አባላት፣

ይህን ደብዳቤ የምንጽፍላችሁ በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሰሜን ቨርጂኒያና በሜሪላንድ የምንኖር፣ ታክሲና የኡበር መኪና በመንዳት፣ በምግብ ቤት በማስተናገድና በሆቴል በመሥራት ቤተሰብ የምናስተዳድር ትውልደ ኢትዮጵያውያን ነን። አብዛኞቻችን ዜግነት ወስደን እንመርጣለን፤ ከመካከላችን በየምርጫው በር እያንኳኩ የቀሰቀሱላችሁ፣ ከትንሽ ገቢያቸው ቀንሰው ያዋጡላችሁ ሰዎች አሉ። ለሁለታችሁ አንድ ደብዳቤ የጻፍነው ቅሬታችን ሁለታችሁንም ስለሚመለከት ነው፤ የአንዳችሁን ጥፋት ለሌላኛችሁ የምርጫ መሣሪያ አድርገን የማቀበል ፍላጎት የለንም። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ለመጻፍ ያስገደደን የዲሲ ምክር ቤት በጁላይ 2025 ያሳለፈው ውሳኔ ነው። የከተማዋ ሕዝብ በኖቬምበር 2022 ኢኒሼቲቭ 82 የተባለውን የሕዝብ ውሳኔ ከመቶ 70 በላይ በሆነ ድምፅ አጽድቆ ነበር። ሕጉ በቲፕ ለሚተዳደሩ ሠራተኞች አሠሪ የሚከፍለው መነሻ ደመወዝ በየዓመቱ እያደገ ሄዶ በ2027 ከሌላው ሠራተኛ ዝቅተኛ ደመወዝ ጋር እኩል እንዲሆን ያዝዝ ነበር። በሰዓት ከ5 ዶላር ከ35 ሳንቲም ተነሥቶ በ2024 ዓ.ም. 10 ዶላር ደረሰ። ከዚያ በኋላ ምክር ቤቱ ቀጣዩን ጭማሪ አገደ፤ ጥቂት ሳምንታት ቆይቶም እኩልነቱ ቀርቶ በ2034 ከዝቅተኛው ደመወዝ 75 ከመቶ ላይ እንዲቆም ወሰነ። ሕዝብ በካርድ የወሰነው በአንድ አዳራሽ ውስጥ ተቀየረ።

ይህ የመጀመሪያው ቢሆን ኖሮ እንደ አንድ ጊዜ ስሕተት ቆጥረን ባለፍነው ነበር። ነገር ግን በጁን 2018 ሕዝቡ ተመሳሳይ ይዘት ያለውን ኢኒሼቲቭ 77 አጽድቆ በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ ምክር ቤቱ በ8 ለ5 ድምፅ ሙሉ በሙሉ ሽሮታል። ከምክር ቤቱ 13 መቀመጫዎች የሚበዙት በዴሞክራቶች የተያዙ ናቸው፤ በየአደባባዩ ስለ ሠራተኛ ክብርና ስለ ድምፅ መብት ከማንም በላይ የሚናገረው ፓርቲ ማለት ነው። በእርግጥ ትንንሽ ምግብ ቤት ያላቸው ወገኖቻችንም የኪራዩና የሥጋው ዋጋ በተወደደበት ጊዜ ጭማሪው ከብዶናል ብለዋል፤ ጭንቀታቸውን እናውቃለን፣ በአንድ ማዕድ የምንበላ ሰዎች ነን። ለእነርሱ የታክስ ቅናሽ ወይም የኪራይ ድጋፍ ማሰብ ይቻል ነበር። ምክር ቤቱ የመረጠው ግን የኢንዱስትሪው ማኅበራትና ወኪሎቻቸው ሲወተውቱ የኖሩትን መንገድ ሆነ፤ ትንሹ ባለ ምግብ ቤትም መከራከሪያ ሆኖ ቀረበ እንጂ የተለየ ነገር አላገኘም።

የሪፐብሊካን ፓርቲ አባላት በዚህ ጉዳይ ደስ የሚላችሁ አይምሰላችሁ። ከፖቶማክ ወንዝ ማዶ በቨርጂኒያ፣ የሕግ አውጪው ምክር ቤት ዝቅተኛውን ደመወዝ ወደ 15 ዶላር ለማድረስ ያወጣውን ሕግ በወቅቱ የነበሩት ሪፐብሊካኑ አገረ ገዢ ግሌን ያንግኪን በ2024ም በ2025ም ውድቅ አድርገውታል። በፌዴራል ደረጃ ዝቅተኛው ደመወዝ ከጁላይ 2009 ጀምሮ 7 ዶላር ከ25 ሳንቲም ላይ፣ የቲፕ ሠራተኛ መነሻ ደግሞ ከ1991 ጀምሮ 2 ዶላር ከ13 ሳንቲም ላይ ቆሟል። በማርች 2021 ሴኔቱ ወደ 15 ዶላር ከፍ ለማድረግ በቀረበው ሐሳብ ላይ ድምፅ ሲሰጥ 58 ሴናተሮች ተቃወሙ፤ ሪፐብሊካኖቹ በሙሉ፣ ከዴሞክራቶቹ ወገን ደግሞ ስምንት። በሌላ ጉዳይ ሁሉ የማትስማሙት እዚህ ላይ ስትደርሱ የምትስማሙት ለምንድን ነው ብለን ብንጠይቅ፣ የምናገኘው መልስ የዘመቻ ገንዘባችሁ ከየት እንደሚመጣ ነው።

ጉቦ ምን እንደሆነ የእኛ ማኅበረሰብ በከባድ መንገድ ተምሯል። በሴፕቴምበር 2009 የፌዴራል ዐቃቤ ሕግ አርባ የሚጠጉ የታክሲ ሰዎች ፈቃድ ለማግኘት ሲሉ ለዲሲ ታክሲ ኮሚሽን ሊቀ መንበር ጥሬ ገንዘብ አቅርበዋል ብሎ ከሰሰ። ሊቀ መንበሩ ነገሩን ለኤፍ ቢ አይ አስታውቀው ከመርማሪዎች ጋር ይሠሩ ነበር። ከተከሳሾቹ ብዙዎቹ ከአፍሪካ ቀንድ የመጡ ስደተኞች ነበሩ፤ ጥፋታቸውን አምነው እስር የገቡም አሉ። በዚያው ምርመራ የአንድ የምክር ቤት አባል የጽሕፈት ቤት ኃላፊ ከታክሲው ሥራ ጋር የተያያዘ እጅ መንሻ መቀበሉን አምኖ ታስሯል፤ የገንዘቡ መጠን 1,500 ዶላር ነበር። በዚያ ሰሞን በየቤተ ክርስቲያኑ ቅጥርና በየቡና ቤቱ የነበረውን ኀፍረት ያየ ሁሉ ያስታውሰዋል። ማንም ወጥቶ ጉቦ አይደለም ብሎ አልተከራከረላቸውም። ጉቦ ጉቦ ነው፤ የሰጠውም የተቀበለውም ይጠየቅ አልን።

ከዚያ አራት ወር ገደማ ቆይቶ፣ ጃንዋሪ 21 ቀን 2010፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሲቲዝንስ ዩናይትድ በተባለው ጉዳይ 5 ለ4 በሆነ ድምፅ ኩባንያዎች በምርጫ ላይ ያለ ገደብ ገንዘብ ማውጣት የመናገር መብታቸው ነው ሲል ፈረደ። ለእጩው በእጁ አይስጡት እንጂ፣ እጩውን ለማስመረጥ ወይም ለማስወደቅ የፈለጉትን ያህል ማፍሰስ ይችላሉ። በዚያው ዓመት ማርች ወር የይግባኝ ፍርድ ቤት ለዚህ ዓይነት ወጪ የሚሰበሰበው መዋጮም ጣሪያ እንዳይኖረው በመወሰኑ ዛሬ ሱፐር ፓክ የምንላቸው ድርጅቶች ተወለዱ። ፍርዱን የሰጠው ፍርድ ቤት እንጂ ፓርቲዎች እንዳልሆኑ እናውቃለን። የእኛ ቅሬታ ፍርዱ በከፈተው በር ሁለታችሁም ተሽቀዳድማችሁ መግባታችሁ ነው። በፖስታ ገንዘብ ይዞ የቀረበ የታክሲ ሾፌር እስር ቤት ሲገባ፣ በ2024 ምርጫ አንድ ባለጸጋ ኤሎን መስክ ብቻቸውን ከ250 ሚሊዮን ዶላር በላይ አውጥተው፣ ኩባንያዎቻቸው ከመንግሥት ጋር ትላልቅ ውሎች እያሏቸው፣ በጃንዋሪ 2025 የመንግሥት ወጪ የሚቆረጥበትን ሥራ እንዲመሩ ተደረገ። የሪፐብሊካን ኮሚቴ ሆይ፣ ይህን ስታዩ ምን አላችሁ? በሌላ በኩል በዚያው በ2024 ምርጫ ፌርሼክ የተባለው የክሪፕቶ (የዲጂታል ገንዘብ) ኩባንያዎች ሱፐር ፓክ ከሁለቱም ፓርቲዎች የሚወዳቸውን እየደገፈ፣ በኦሃዮ ዴሞክራቱን ሴናተር ሼሮድ ብራውንን ለመጣል ብቻ ወደ 40 ሚሊዮን ዶላር አወጣ፤ ብራውንም ወንበራቸውን አጡ። ከዚያ በኋላ የእነርሱን ሕግ ለመቃወም የሚነሣ ዴሞክራት ያንን ሳያስብ አይቆምም።

«ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» የሚለው የአገራችን ምክር እዚህ የኩባንያዎች መመሪያ ሆኗል። ቨርጂኒያ ለክልል እጩዎች የሚሰጥ መዋጮ ላይ ምንም ጣሪያ የላትም፤ የመብራት ሂሳባችንን የምንከፍለው ዶሚኒየን ኢነርጂ ለዓመታት ለሁለቱም ፓርቲ ፖለቲከኞች ሲሰጥ ኖሯል፤ በ2015 ደግሞ መንግሥት የኩባንያውን መነሻ ዋጋ የሚመረምርበትን አሠራር ለዓመታት ያገደ ሕግ በሁለቱም ፓርቲዎች ድምፅ ወጣለት። ኡበርም እንዲሁ ነው። በ2014 የባራክ ኦባማ የ2008 ዘመቻ ሥራ አስኪያጅ የነበሩትን ዴቪድ ፕላፍን ቀጠረ፤ እኒህን ሰው በ2017 የቺካጎ የሥነ ምግባር ቦርድ ሎቢስትነታቸውን፣ ማለትም ባለሥልጣናትን ለኩባንያ ጥቅም የሚያግባቡ መሆናቸውን፣ ሳያስመዘግቡ የከተማዋን ከንቲባ ስለ ኩባንያው ጉዳይ በግል ኢሜይል በማግባባታቸው 90,000 ዶላር ቀጣቸው። በ2024 ተመልሰው በካማላ ሃሪስ ዘመቻ ውስጥ አማካሪ ሆኑ። ምርጫው ለሪፐብሊካኖች ሲወጣ ኩባንያው ለፕሬዚዳንት ትራምፕ በዓለ ሲመት 1 ሚሊዮን ዶላር ሰጠ። ለማን እንደሚሰጥ ሳይሆን ማን እንደሚያሸንፍ ብቻ የሚያየው ይህ ገንዘብ የሐሳብ ድጋፍ ነው ብሎ ሊያሳምነን የሚችል የለም።

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ሲባል ሰምተን አድገናል። እዚህ አገር ደግሞ መብላቱ ከሽረት በኋላ እንዲሆን ተመቻችቶለታል፦ የኮንግረስ አባል ወይም የሚኒስቴር ባለሥልጣን ወንበሩን ሲለቅ፣ ትናንት ሲቆጣጠረው የነበረው ኩባንያ ወይም የሎቢ ድርጅት በብዙ እጥፍ ደመወዝ ይቀበለዋል። ስለዚህ በወንበሩ ላይ ሳለ ማንን ማስቀየም እንደሌለበት ያውቃል፤ የሚያግባባው ሰው አንድም ቃል መናገር አያስፈልገውም።

ይህ ሁሉ ለእኛ ሩቅ ነገር አይደለም። በካሊፎርኒያ በ2019 የወጣው ሕግ የመተግበሪያ ሾፌሮችን እንደ ተቀጣሪ እንዲቆጠሩ የሚያደርግ ነበር፤ በ2020 ኡበር፣ ሊፍት፣ ዶርዳሽና መሰሎቻቸው ከ200 ሚሊዮን ዶላር በላይ አውጥተው ፕሮፖዚሽን 22 የተባለውን የሕዝብ ውሳኔ አስጸደቁና ሾፌሩን ከሕጉ አስወጡት። ያ ድል ለሌሎች ክልሎች ሁሉ ማስፈራሪያ ሆኗል። የገበያው መጠቅለል ከፖለቲካው መጠቅለል የማይለየው በዚህ ነው፤ በአገሪቱ ውስጥ በመተግበሪያ የሚጠራ መኪና ገበያ በተግባር በሁለት ኩባንያዎች እጅ በመሆኑ ዋጋውን ያልወደደ ሾፌር ሌላ የሚሄድበት የለውም፤ ያ ገበያ የሚያስገኘው ትርፍ ደግሞ ገበያውን ሊከፍት የሚችለውን ሕግ ማክሸፊያ ይሆናል። ከመካከላችን አንድ የልጆች አባት መኪናውን በብድር ገዝቶ ሲሠራ ሳለ፣ ከአንድ ተሳፋሪ በደረሰ ክስ ምክንያት የሚሠራበት የመተግበሪያ ሂሳቡ በአንድ ሌሊት ተዘጋበት። ክሱን ያቀረበው ማን እንደሆነ፣ ምን ብሎ እንደከሰሰ አልተነገረውም፤ ሊያስረዳ ሲሞክር የሚመልስለት ማሽን ብቻ ነበር። የብድሩ ክፍያ ግን አልቆመም። እንዲህ ያለ ሰው ወደ ተወካዩ ቢሮ ሲሄድ ቅጽ ሞልቶ ይመለሳል፤ ኩባንያው ግን ወደዚያው ቢሮ የሚገባው በፊት በዚያው ቢሮ ይሠራ በነበረ ሰው በኩል ነው።

የፍርድ ቤት መዝገቦች የሚያሳዩት ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው። የቀድሞው የቨርጂኒያ አገረ ገዢ ሪፐብሊካኑ ቦብ ማክዶኔልና ቤተሰባቸው ከአንድ የምግብ ማሟያ ኩባንያ ባለቤት ከ175,000 ዶላር በላይ የሚያወጣ ስጦታና ብድር፣ ከሮሌክስ ሰዓት ጀምሮ እስከ ልጃቸው የሠርግ ድግስ ወጪ ድረስ፣ ተቀብለዋል። በ2014 ጥፋተኛ ቢባሉም በ2016 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ለሰጪው ስብሰባ ማመቻቸትና ሰው ማስተዋወቅ ብቻውን በጉቦ ሕጉ የሚያስጠይቅ የሹመት ተግባር አይደለም በማለት በሙሉ ድምፅ ፍርዱን ሻረው። በ2024 ደግሞ ፍርድ ቤቱ 6 ለ3 በሆነ ድምፅ፣ የመንግሥት መኪና ግዥ ላሸነፈ ድርጅት ውለታ ከዋለ በኋላ 13,000 ዶላር የተቀበለ የኢንዲያና ከንቲባ በፌዴራሉ የጉቦ ሕግ አይጠየቅም አለ፤ ሕጉ አስቀድሞ የተዋዋሉትን እንጂ በኋላ የሚሰጥ ምስጋናን አይመለከትም በሚል። የ1,500 ዶላሩን እስረኛ ለምናስታውስ ሰዎች ይህን ማንበብ ከባድ ነው። በኦሃዮ የምክር ቤቱ አፈ ጉባኤ የነበሩት ሪፐብሊካኑ ላሪ ሃውስሆልደር ፈርስት ኢነርጂ ከተባለው የኤሌክትሪክ ኩባንያ ወደ 60 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ተቀብለው ደንበኞች ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ ለኑክሌር ጣቢያዎች እንዲከፍሉ የሚያደርግ ሕግ በማስወጣታቸው በ2023 የ20 ዓመት እስራት ተፈረደባቸው። በኢሊኖይ ለአሥርተ ዓመታት አፈ ጉባኤ የነበሩት ዴሞክራቱ ማይክል ማዲጋን ከሌላ የኤሌክትሪክ ኩባንያ ጋር በተያያዘ ጉቦ በ2025 ሰባት ዓመት ተኩል፣ በቤታቸው የወርቅ ጡብ የተገኘባቸው የኒው ጀርሲው የቀድሞ ዴሞክራት ሴናተር ቦብ ሜኔንዴዝ በዚያው ዓመት 11 ዓመት ተፈረደባቸው። ልብ እንድትሉልን የምንፈልገው የኦሃዮውን ነው፦ ገንዘቡ የገባው ለጋሾቹን የመግለጽ ግዴታ በሌለበት፣ ለትርፍ ባልተቋቋመ ድርጅት በኩል ነበር። ሁለታችሁም ዛሬ ድረስ የምትጠቀሙበት ቧንቧ ያው ነው። ሃውስሆልደር የተያዙት መርማሪዎች ስለተከታተሏቸው እንጂ ቧንቧው ስለሚታይ አልነበረም።

አሁን በቀጥታ ወደ እናንተ ኮሚቴዎች እንምጣ፤ እስካሁን የጠቀስናቸውን ፍርድ ቤት ወይም ግለሰብ አደረገው ልትሉ ትችላላችሁና። በዲሴምበር 2014 በሁለታችሁም መሪዎች ስምምነት በወጣው ግዙፍ የበጀት ሕግ መጨረሻ ገጾች ላይ አንድ ድንጋጌ ገባ። አንድ ሰው ለአንድ ፓርቲ ብሔራዊ ኮሚቴዎች በዓመት ሊሰጥ የሚችለው ጣሪያ ከ97,200 ዶላር ወደ 777,600 ዶላር ከፍ አለ። በዚህ ላይ የሕዝብ ውይይት አልተካሄደም፤ የትኛውም መራጭ ይህን አልጠየቃችሁም። መንግሥት እንዳይዘጋ መስማማት አቅቷችሁ ለወራት ስትናቆሩ የከረማችሁ ሁለት ፓርቲዎች ለራሳችሁ ካዝና ሲሆን በአንድ ሌሊት ተስማማችሁ።

የዴሞክራቲክ ኮሚቴ፦ በ2008 ከፌዴራል ሎቢስቶች ገንዘብ አንቀበልም ያላችሁትን በ2016 ምርጫ መግቢያ ላይ በጸጥታ አነሣችሁት። በጁን 2018 ከነዳጅ ኩባንያዎች ገንዘብ አንቀበልም አላችሁ፤ በኦገስት 30 ለ2 በሆነ ድምፅ መለሳችሁት። በሴፕቴምበር 2022 እዚሁ አጠገባችን በናሽናል ሃርበር፣ ብዙዎቻችን በየምሽቱ ተሳፋሪ በምንጠብቅበት ሆቴል ተሰብስባችሁ፣ ምንጩ የማይታወቅ ገንዘብ በውስጠ ፓርቲ ምርጫ እንዳይገባ የራሳችሁ አባላት ያቀረቡትን የውሳኔ ሐሳብ ለድምፅ እንኳ ሳታቀርቡ ቀራችሁ። ገንዘቡ ከሌላው ፓርቲ ሲመጣ የዴሞክራሲ አደጋ ነው ትላላችሁ፤ ወደ እናንተ ሲመጣ ደግሞ ባዶ እጃችንን ልንዋጋ አንችልም ትላላችሁ።

የሪፐብሊካን ኮሚቴ፦ የዋሽንግተን የሙስና ረግረግ ይደርቃል ብላችሁ የቀሰቀሳችሁትን አምነው የመረጡ ወገኖቻችን አሉ፤ በተለይ በ2021 በቨርጂኒያ። ኮሚቴያችሁ ግን በዚያው ዓመት መጨረሻ ተራ ሰዎች በአምስትና በአሥር ዶላር ካዋጡት ካዝና የባለጸጋውን የዶናልድ ትራምፕን የግል የጠበቃ ሂሳብ ለመክፈል ተስማማ። በ2024 የተፈረመው የጋራ ገንዘብ ማሰባሰቢያ ስምምነት ደግሞ የእጩው የሕግ ወጪ የሚከፈልበት ድርጅት ከኮሚቴው በፊት ድርሻውን እንዲያነሣ አድርጓል። አንድ ፓርቲ ለአንድ ሰው ጉዳይ ማስፈጸሚያ ሲሆን ምን እንደሚመስል ለማወቅ ለእኛ ማብራሪያ አያስፈልገንም።

ሕጉን ሊያስከብር የሚገባው የፌዴራል ምርጫ ኮሚሽንም በእናንተ እጅ ነው የተዳከመው። ከስድስቱ አባላት ከሦስት በላይ ከአንድ ፓርቲ እንዳይሆኑ፣ ለውሳኔም አራት ድምፅ እንዲያስፈልግ ሕጉ ያዝዛል። ለዓመታት ሦስት ለሦስት እየተፋጠጡ ምርመራዎችን አፍነዋል፤ በ2025 ጸደይ ደግሞ አባላቱ ጎድለው ምልዓተ ጉባኤ በማጣቱ መቅጣትም ምክር መስጠትም ተሳነው።

የካፒታሊዝም ጠላቶች ነን ብላችሁ እንዳታልፉን አንድ ነገር ልንናገር ይገባል። ከእኛ መካከል የሚበዙት ወይም ወላጆቻቸው የኖሩት ደርግ በ1975 መሬትና ትርፍ ቤት በወረሰበት አገር ነው፤ ሀብት ሁሉ በመንግሥት እጅ ሲጠቀለል ሰው ምን እንደሚሆን አይተናል። በኋላም በኢሕአዴግ ዘመን ኤፈርትና ጥረትን የመሳሰሉ ከገዥው ግንባር አባል ፓርቲዎች ጋር የተቆራኙ ድርጅቶች ንግዱን ሲይዙት፣ ነጋዴው ፓርቲውን ሳያስደስት መሥራት ሲያቅተው ኖረናል። ወደዚህ የመጣነው ሠርቶ የሚያተርፍበት፣ አንዱ ሱቅ ቢያስቀይም ወደ ሌላው የሚኬድበት ገበያ ፈልገን ነው፤ ታክሲያችን፣ ምግብ ቤታችን፣ ሱቃችን የዚያ ምስክር ነው። የምንቃወመው ገበያውን ሁለትና ሦስት ኩባንያ ጠቅልሎ ከያዘው በኋላ ዳኛውንም ሕግ አውጪውንም መግዛት ሲጀምር ነው። ፓርቲ ኩባንያ ሲይዝ የኖርን ሰዎች፣ ኩባንያ ፓርቲ ሲይዝ ለመለየት አይቸግረንም።

ስለዚህ የሚከተለውን እንጠይቃለን። ከጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፈቃድ፣ ከሕገ መንግሥት ማሻሻያም የማይጠብቁትን አስቀድመናል፤ የራሳችሁን ደንብ በራሳችሁ ስብሰባ መለወጥ ትችላላችሁና።

እጩዎቻችሁ በውስጠ ፓርቲ ምርጫ ከሱፐር ፓክና ለጋሹን ከማይገልጽ ድርጅት ድጋፍ እንደማይቀበሉ በጽሑፍ እንዲፈርሙ፣ ያልፈረመ ወይም ፈርሞ ያፈረሰ በፓርቲው ክርክር መድረክና በመራጮች መረጃ ቋት እንዳይጠቀም የሚያደርግ ደንብ አውጡ። በክፍያ የሚሠራ የተመዘገበ ሎቢስት የኮሚቴያችሁ አባል መሆኑ ይቅር፤ ከሎቢስቶች መዋጮ ላለመቀበል በ2008 የነበረው ክልከላ ይመለስ፣ የሪፐብሊካን ኮሚቴም ተመሳሳዩን ይውሰድ። በ2014ቱ የበጀት ሕግ በተከፈቱት ልዩ የፓርቲ ሂሳቦች የገባው ገንዘብ ከማን እንደመጣና ለምን እንደዋለ ተራ ሰው አንብቦ በሚረዳው መንገድ በየሦስት ወሩ ይታተም። የፓርቲ ገንዘብ ለማንኛውም ባለሥልጣንም ሆነ እጩ የግል ክስ እንዳይከፈል ይከልከል።

ከ2010 ጀምሮ በኮንግረስ በተደጋጋሚ ቀርቦ በሴኔት የወደቀው፣ ትላልቅ የምርጫ ለጋሾች እንዲገለጹ የሚያስገድደው ዲስክሎዝ የተባለ ረቂቅ ሕግ ላይ ኮሚቴዎቻችሁ አቋማቸውን በግልጽ ይናገሩ። የዴሞክራቲክ ኮሚቴ፣ ፓርቲው የተወካዮች ምክር ቤቱንም ሴኔቱንም በያዘበት ጊዜ፣ ረቂቁን 60 ድምፅ ከሚጠይቀው የሴኔቱ ሥርዓት ለምን እንዳላስቀደመው፣ የሪፐብሊካን ኮሚቴ ደግሞ ሴናተሮቹ ለምን ሁልጊዜ እንደሚያግዱት ያስረዳን። ለፌዴራል ምርጫ ኮሚሽን የሚሾሙ ሰዎች ባስቸኳይ ቀርበው ምልዓተ ጉባኤው እንዲሟላ ሁለታችሁም ግፊት አድርጉ።

የዴሞክራቲክ ኮሚቴን በተለይ የምንጠይቀው፣ በፓርቲው ስም የተመረጡ የዲሲ ምክር ቤት አባላት ሕዝብ በቀጥታ ያጸደቀውን ሕግ ዳግም ለሕዝብ ሳያቀርቡ እንዳይሽሩ የሚያስገድድ አቋም የከተማው ፓርቲ እንዲወስድ ማድረግ ነው። ኢኒሼቲቭ 82 በጸደቀበት ይዘቱ ይመለስ፤ ለትንንሽ ምግብ ቤቶች የሚሰጠው ድጋፍ ከአስተናጋጆች ደመወዝ ተቀንሶ ሳይሆን ከከተማው በጀት ይታሰብ። የሪፐብሊካን ኮሚቴን የምንጠይቀው ደግሞ በቨርጂኒያ ለሚወዳደሩ እጩዎቹ የመዋጮ ጣሪያ እንዲቀመጥ የሚደግፍ አቋም እንዲያስይዝ ነው፤ ለዚህ የዴሞክራቲክ እጩዎችም ቢተባበሩ ሕጉ በአንድ የምክር ቤት ዘመን ሊወጣ ይችላል።

በመጨረሻም መልሳችሁን በጽሑፍ እንጠብቃለን። ምርጫ ሲቃረብ በአማርኛ የተተረጎመ በራሪ ወረቀት በየበራችን ታስቀምጣላችሁ፤ ስለዚህ በቋንቋችን ልታነጋግሩን እንደምትችሉ እናውቃለን። መልሱን ይዘው ከእኛ ጋር የሚቀመጡ፣ ጥያቄ ተቀብለው የሚመልሱ ተወካዮችን ከቀጣዩ የምርጫ ዘመቻ በፊት እንድትልኩልን፣ ቀኑንም እንድታሳውቁን እንጠይቃለን።

ከአክብሮት ጋር፣

በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሰሜን ቨርጂኒያና በሜሪላንድ የሚሠሩ ትውልደ ኢትዮጵያውያን የታክሲና የመተግበሪያ መኪና አሽከርካሪዎች፣ የምግብ ቤት አስተናጋጆችና የሆቴል ሠራተኞች፤

በስማቸው፦ የአሽከርካሪዎቹ ተወካይ፣ የአስተናጋጆቹ ተወካይና የደብዳቤው ጸሐፊ